ኮምፒዩተሩ ደርቆ ሲቀር ጥፋቱ የማን ነው?

ሜይ 9 ቀን 2025፣ ዓርብ ማለዳ፣ ከኮንኮርድ ተነሥተው ወደ ኦክላንድና ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ለሥራ የሚጓዙ ሰዎች ባርት ጣቢያ ደርሰው «ባቡር የለም» ተባሉ። የቆመው የኮንኮርድ መስመር ብቻ አልነበረም፤ ከሪችመንድ እስከ ሳን ሆዜ ያለው ሁሉ ነው። ሐዲዱ አልተሰበረም፣ መብራት አልጠፋም፣ ባቡሮቹም በየማደሪያቸው ደህና ነበሩ። የጠፋው መልስ ነው። ባርት እንዳስታወቀው፣ በኔትወርኩ ላይ ያሉ አንዳንድ መሣሪያዎች ግንኙነታቸው አንዴ እየመጣ አንዴ እየቀረ ስላስቸገረ፣ የመቆጣጠሪያው ማዕከል ባቡር የት እንዳለ በስክሪኑ ላይ በእርግጠኝነት ማየት አልቻለም። ቴክኒሻኖች ችግር የሚፈጥረውን የኔትወርክ ክፍል ፈልገው ከሌላው ለዩት፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9፡30 ገደማ ባቡሮቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 5 ቀንም፣ ሌሊቱን ከተሠራ የኔትወርክ ማሻሻያ በኋላ፣ ጠዋት ላይ ባቡሩ እንደገና ቆመ።

በዚያ ጠዋት ሥራ ያረፈደ ሰው «እንዲህ ያለ ትልቅ ድርጅት በኮምፒዩተር ምክንያት ይቆማል?» ብሎ ቢገረም አይፈረድበትም። ነገር ግን ያው በሽታ፣ በትንሹ፣ በየፋብሪካውና በየሕንፃው ምድር ቤት አለ። በማርቲኔዝ የነዳጅ ማጣሪያዎች፣ በውኃ ማጣሪያዎች፣ በዳቦ ፋብሪካዎች፣ በትልልቅ ሆቴሎች የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ክፍሎች ውስጥ፣ አንድ ኮምፒዩተር ከብዙ መሣሪያዎች ጋር ቀንና ሌሊት ሲነጋገር ያድራል፦ ከሙቀት መለኪያዎች፣ ከፓምፕ መቆጣጠሪያዎች፣ ከሞተር ድራይቮች፣ ከኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች ጋር። ያ ኮምፒዩተር ሌሊት ላይ ድርቅ ሲል፣ በአሜሪካኖቹ ቋንቋ «ፍሪዝ» ሲያደርግ፣ ፊት ለፊቱ የሚገኘው ሰው መሐንዲሱ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ ጥገና ሠራተኛው ነው። ይህ ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው።

እንዲህ ይታሰብ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስክሪኑ ይደርቃል። ሠራተኛው ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራዋል፤ ይሠራል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ እንደገና ይደርቃል። እንደገና ያጠፋል፣ ያበራል። ጠዋት አለቃው ይመጣና «ምን ነካህበት?» ይለዋል። «ምንም» ከማለት በቀር መልስ የለውም። በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ በሦስተኛው ሳምንት አዲሱም ይደርቃል። በዚህን ጊዜ ጥርጣሬው ከዕቃው ወደ ሰውዬው ይዞራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። «ኮምፒዩተሩ ደረቀ» ሲባል ኮምፒዩተሩ የታመመ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አልታመመም፤ እየጠበቀ ነው።

አንድ አስተናጋጅ ብቻ ያለበት ምግብ ቤት ይታይ። አስተናጋጁ ከአንድ ጠረጴዛ የክትፎ ትእዛዝ ተቀብሎ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ደህና አስተናጋጅ ትእዛዙን ሰጥቶ ይመለሳል፣ ሌላውን እንግዳ ያስተናግዳል፣ ክትፎው ሲደርስ ያመጣል። ይኸኛው ግን ክትፎው እስኪወጣ ድረስ በጓዳው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ሥጋው ካለቀ፣ ወይም ወጥ ቤቷ ካልሰማችው፣ ቆሞ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ቡና የጠየቀው፣ ሒሳብ የጠየቀው፣ ገና በር ላይ ያለው እንግዳ ሁሉ «ይህ ቤት ሞቷል» ይላል። ቤቱ አልሞተም፤ አስተናጋጁ ጓዳ በር ላይ ነው። ብዙ የፋብሪካ ፕሮግራሞች፣ በተለይ የቆዩት፣ የተጻፉት በዚህ አስተናጋጅ ጠባይ ነው። ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረውም፣ ስክሪኑን የሚስለውም፣ የማውሱን ጠቅታ የሚቀበለውም ያው አንድ እጅ ነው። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም ለ5 ሴኮንድ ያህል መልስ ካልሰጠው መስኮቱን አደብዝዞ «መልስ አይሰጥም» ብሎ ይጽፍበታል። ሠራተኛው የሚያየው ይህንን ነው።

መጠበቁ እንዴት እንደሚረዝም ለማየት የንግግሩን ዓይነት ማወቅ ያስፈልጋል። በኢንዱስትሪ መሣሪያዎች ዘንድ በጣም ከተስፋፉት የመነጋገሪያ ሥርዓቶች አንዱ ሞድበስ ይባላል። ሞዲኮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1979 ያወጣው ነው፤ ዛሬም አለ፤ ገና ብዙ ዘመን የሚኖርም ይመስላል። አሠራሩ ልክ እንደ ክፍል ስም ጥሪ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ከ1 እስከ 247 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ይሰጠዋል። ኮምፒዩተሩ «7 ቁጥር!» ይላል፤ 7 ቁጥር «አቤት» ብሎ የሙቀቱን መጠን ይናገራል። ሳይጠራ የሚናገር የለም። ሃያ መሣሪያዎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በሴኮንድ ሃያኛ ውስጥ ቢመልሱ፣ ጥሪው በአንድ ሴኮንድ ተጠናቅቆ እንደገና ይጀመራል። አሁን ከሃያዎቹ ሦስቱ ዝም አሉ እንበል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ዝምታ አንድ ሴኮንድ እንዲጠብቅና ሦስት ጊዜ እንዲጠራ ከተስተካከለ፣ ለሦስቱ ብቻ ዘጠኝ ሴኮንድ ይሄዳል። በየዙሩ ዘጠኝ ሴኮንድ! ኮምፒዩተሩ ምንም አልሆነም፣ ሦስት ርካሽ መለኪያዎች ግን ፋብሪካውን ያቆሙ አስመሰሉት። አዲስ ኮምፒዩተር ቢገዛ ያንኑ ዘጠኝ ሴኮንድ ይጠብቃል።

የመጠበቂያውን ጊዜ ማሳጠር ቀላል መድኃኒት ይመስላል። ልክ ሲያልፍ ግን ሌላ በሽታ ያመጣል። ቀርፋፋው መሣሪያ መልሱን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ተስፋ ቆርጦ ቀጣዩን ከጠራ በኋላ ከሆነ፣ የሁለቱ ድምፅ ይደራረባል፤ ሁለቱም አይሰሙም። የሚሻለው፣ የተበላሸው መሣሪያ እስኪጠገን ድረስ ከጥሪው ዝርዝር ላይ ለጊዜው ማውጣት ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ይህን ይፈቅዳሉ። ይሁን እንጂ የሌሊት ሠራተኛ ይህን በራሱ ሥልጣን ማድረግ የለበትም። ከዝርዝሩ የወጣው መለኪያ የቦይለር ግፊት የሚለካው ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ ስክሪኑ በደረቀ ጊዜ፣ እጅ ወደ ማጥፊያው ከመሄዱ በፊት፣ አንድ ደቂቃ መታገሥ ብዙ ያስተምራል። ማውሱ ይንቀሳቀሳል? ሌሎች ፕሮግራሞች ይሠራሉ? ማውሱ እየሄደ ያ አንድ ፕሮግራም ብቻ ከደረቀ፣ ነገሩ ከላይ የተነገረው የጓዳ በር ጥበቃ ነው ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱ መሣሪያዎቹ ወይም ሽቦው ዘንድ ይፈለጋል። ማውሱም ሰዓቱም ሁሉም ነገር ቀጥ ካለ፣ ምክንያቱ ወደ ኮምፒዩተሩ ይቀርባል፤ መገናኛ ኬብሉ፣ የኬብሉ ድራይቨር፣ ወይም ትልቅ ሞተር ሲነሣ በሽቦው የሚመጣው የኤሌክትሪክ ረብሻ ይጠረጠራል። አንዱ ሲደርቅ የሌላው ክፍል ኮምፒዩተርም በዚያው ቅጽበት ከደረቀ ግን፣ ይህ የኔትወርክ ጉዳይ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሚነካካው አይደለም።

የሽቦው ነገር ሰፊ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉ ይልቅ ጥፋት የሚገኘውም እዚያ ነው። ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ። ሞድበስ ብዙ ጊዜ የሚሄድበት ሽቦ አር.ኤስ. 485 የሚባለው ነው፤ የተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ በዝግታ ፍጥነት እስከ 1,200 ሜትር ድረስ ይሄዳሉ፤ በአንድ መስመር ላይ በመደበኛው 32 መሣሪያዎች ይሰካሉ። መሣሪያዎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ክር ላይ ተራ በተራ መሆን አለባቸው እንጂ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወዲያና ወዲህ መውጣት የለባቸውም። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ ደግሞ፣ በሁለቱ ብቻ፣ 120 ኦም የሆነ ትንሽ ሬዚስተር ይቀመጣል፤ ይህ ከሌለ ድምፁ ግድግዳ እንደነካ ጩኸት እያስተጋባ ይመለሳል። ሬዚስተሩ ዋጋው ሳንቲም ነው። በእሱ መጥፋት ምክንያት የተጣሉ ኮምፒዩተሮች ቁጥር ቢታወቅ ግን ያስቃል።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ተራ ቴስተር ነው። ሥራ በቆመበት ሰዓት፣ በአለቃ ፈቃድ፣ የመሣሪያዎቹ ኃይል ጠፍቶ፣ በሁለቱ የመገናኛ ሽቦዎች መካከል በኦም ይለካል። 60 አካባቢ ካሳየ ሁለቱም ሬዚስተሮች በቦታቸው አሉ። 120 ካሳየ አንዱ የለም፣ ወይም ሽቦው መሐል ላይ ተቆርጧል። 40 ካሳየ አንድ ብልህ ነኝ ያለ ሰው ሦስተኛ ጨምሯል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ይህ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ለብዙ ሳምንታት ክርክር መልስ ይሰጣል።

አዲስ መሣሪያ ከተገጠመ ማግስት የጀመረ ችግር ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛው ሽቦዎቹ «ኤ» እና «ቢ» ተብለው ሲለጠፍባቸው አምራቾች እርስ በርስ አለመስማማታቸው ነው፤ የአንዱ «ኤ» የሌላው «ቢ» ነው። ማገላበጡ መሣሪያውን አይጎዳም፤ ዝም ካለው መሣሪያ ላይ ማገላበጥ ብዙ ጊዜ ያናግረዋል። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ 1 ቁጥር ተሰጥቷቸው ነው። አዲሱ ሳይቀየር ከተገጠመ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ እንዳለ ያህል ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሁለቱም «አቤት» ይላሉ፤ አስተማሪው የሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። ነባሩ 1 ቁጥር ለአሥር ዓመት ሲሠራ ኖሮ በድንገት «ተበላሸ» ይባላል።

ዛሬ ኮምፒዩተሮች የድሮው ባለ ዘጠኝ እግር መሰኪያ ስለሌላቸው፣ በመካከል የዩ.ኤስ.ቢ. መቀየሪያ ኬብል ይገባል። ይህች ኬብል ትንሽ ብትሆንም ብዙ ጣጣ አላት። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል ሥራ የፈታ የመሰለውን የዩ.ኤስ.ቢ. መሰኪያ ያስተኛል፤ ሲቀሰቀስ ግን ሁልጊዜ በጤናው አይነሣም። በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ ይህን የኃይል ቁጠባ ምልክት ማንሣት፣ በተለይ በላፕቶፕ ላይ፣ ለብዙ «ሌሊት ላይ ብቻ የሚደርቅ» ኮምፒዩተር መድኃኒት ሆኗል። ርካሽ ኬብልም ያስከፍላል። በኦክቶበር 2014፣ ኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. የተባለው የስኮትላንድ ቺፕ አምራች ያወጣው አዲስ ድራይቨር በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል ሲሰራጭ፣ በእሱ ስም የተሠሩ አስመሳይ ቺፖችን መለያ ቁጥር እያጠፋ ከጥቅም ውጪ አደረጋቸው። ትናንት ይሠራ የነበረው ኬብል ዛሬ የማይታወቅ ዕቃ ሆነ፤ ባለቤቱ ግን አስመሳይ መግዛቱን ጨርሶ አያውቅም ነበር። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በመሰኪያው በኩል መረጃ እየፈሰሰ ከሆነ፣ ዊንዶውስ አንዳንዴ መሣሪያውን የድሮ ማውስ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ቀስቱ በስክሪኑ ላይ ሰይጣን እንደያዘው ይዘላል፣ ያልተነካ መስኮት ይከፈታል። ጠበል የሚያስፈልገው አይደለም፤ ኬብሉን ነቅሎ፣ ኮምፒዩተሩ ከተነሣ በኋላ መሰካት ይበቃዋል። ከዲቫይስ ማኔጀርም ያንን የሐሰት ማውስ ማጥፋት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ብዙ ኮምፒዩተሮች በአንድ ላይ የሚደርቁበት ነው። ምክንያቱ አንዳንዴ አንድ ኬብል ነው። አንድ ሰው መሬት ላይ ወድቆ ያገኘውን የኔትወርክ ኬብል ጫፍ ለማስተካከል ብሎ ሁለቱንም ጫፎች እዚያው ስዊች ላይ ይሰካዋል፤ ስዊቹ ቀለበቱን የሚያውቅበት ዘዴ ከሌለው፣ ለሁሉም የተላከ አንድ መልእክት በቀለበቱ እየዞረ ያለማቋረጥ ይባዛል። የቢሮ ኮምፒዩተር ይህን ማዕበል ይቋቋም ይሆናል። በፋብሪካ ያለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ግን የማይመለከተውንም መልእክት አንድ በአንድ ለማንበብ ሲሞክር የራሱን ሥራ ይረሳል። ኦገስት 19 ቀን 2006 በአላባማ ግዛት ብራውንስ ፌሪ በሚባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሦስተኛው ክፍል የሆነው ይኸው ነው። በኔትወርኩ ላይ ከመጠን ያለፈ የመልእክት ብዛት የሁለት ትልልቅ የውኃ ፓምፖች መቆጣጠሪያዎችን አደረቃቸው፤ ፓምፖቹ ቆሙ፤ ሠራተኞቹም እንደ ደንቡ ሪአክተሩን በእጅ ዘጉት። ሰው አልተጎዳም። የአገሪቱ የኑክሌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩን ለሌሎቹ ማመንጫዎች ሁሉ በጽሑፍ አስታወቀ።

በዚሁ ምክንያት፣ ለቤት ኮምፒዩተር የሚጠቅም ብልሃት ሁሉ ለፋብሪካ አይጠቅምም። «ማን መስመር ላይ እንዳለ ልይ» ብሎ ኔትወርኩን በሙሉ በሚያስስ ፕሮግራም መፈተሽ ይከለከል። ከኮንኮርድ ብዙም በማይርቀው ሊቨርሞር ቅርንጫፍ ያለው ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2005 ባወጣው ጽሑፍ ላይ፣ እንዲህ ባለ ተራ ፍተሻ ምክንያት ቆሞ የነበረ ሁለት ሜትር ተኩል የሚያልፍ የሮቦት ክንድ በድንገት ተነሥቶ ግማሽ ዙር መዞሩን ጠቅሷል። አጠገቡ የቆመው ሰው እንዳይመታ ያደረገው ከክንዱ ውጪ መቆሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ሌሊቱ ሠራተኛ ስንመለስ፣ ትልቁ ጠላቱ ያ ማጥፊያ ቁልፍ ነው። አጥፍቶ ማብራት ለጊዜው ያሠራል፤ ነገር ግን ማስረጃውን ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። በኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው የስሕተት ቁጥር፣ ዝም ያለው መሣሪያ ስም፣ በመቀየሪያው ላይ ሲበሩና ሲጠፉ የነበሩት ትንንሽ መብራቶች፣ ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ ከማጥፋቱ በፊት የስክሪኑንና የመብራቶቹን ፎቶግራፍ በስልክ ማንሣት፣ ሰዓቱን በደቂቃ መጻፍ፣ በዚያ ሰዓት የትኛው ሞተር እንደተነሣ ወይም ማን ምን እንደሰካ መመዝገብ ያስፈልጋል። ፎቶ ማንሣት በሚከለከልበት መሥሪያ ቤት በእጅ ይጻፍ። የሦስት ሌሊት ማስታወሻ ሲደረደር ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ ይናገራል፦ ሁልጊዜ 14 ቁጥር ዝም ሲል ነው፤ ወይም ሁልጊዜ ትልቁ ኮምፕሬሰር ሲነሣ ነው። አማርኛ በሚመስል እንግሊዝኛም ቢጻፍ ግድ የለም፤ ሰዓትና ቁጥር አነጋገር አያበላሽም። ማስታወሻው በዚያው ጠዋት ለአለቃው በኢሜይል ይላክ፣ የተላከበት ቀን እንዲኖረው።

የጽሑፍ ነገር በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። በ1971 እና በ1972፣ ባርት ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ሆልገር ዮርትስቫንግ፣ ማክስ ብላንከንዚ እና ሮበርት ብሩደር የተባሉ ሦስት መሐንዲሶች ባቡሩን በራሱ የሚነዳው የመቆጣጠሪያ ሥርዓት በቂ ፈተና እንዳልተደረገበት ለአለቆቻቸው ደጋግመው ገለጹ። የሚሰማቸው ሲያጡ ጉዳዩን የኮንኮርድ ከተማ ሰው ለሆኑት ለባርት ቦርድ አባል ለዳንኤል ሄሊክስ አደረሱ። ቦርዱ ግን ከአስተዳደሩ ጋር ቆመ፤ በማርች 1972 ሦስቱም ከሥራ ተባረሩ። ባቡሩ በሴፕቴምበር 11 ሥራ ጀመረ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2፣ ፍሪሞንት ጣቢያ ሊቆም የሚገባው ባቡር በመቆጣጠሪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሪስታል ስለተበላሸች ፍጥነት ጨምሮ ከሐዲዱ መጨረሻ አልፎ ወጣ፤ የተወሰኑ ሰዎች ቆሰሉ። መሐንዲሶቹ ከስሰው በ1975 ጉዳዩ በስምምነት አለቀ፤ ያገኙት ገንዘብ ካጡት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በ1978 ትልቁ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ለሕዝብ ደኅንነት ስላደረጉት ሽልማት ሰጣቸው። ኮንኮርድ ራሷ ባቡር ያገኘችው በሜይ 1973 ነው።

ይህን ሙያ በወግ ለመማር የሚፈልግ የኮንኮርድ ነዋሪ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ፒትስበርግ የሚገኘው ሎስ ሜዳኖስ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የኤሌክትሪክና የኢንስትሩሜንቴሽን ትምህርት ይሰጣል፤ ከአካባቢው የነዳጅና የኬሚካል ፋብሪካዎች ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ሲመዘገቡ ፒ.ኤል.ሲ. እና የኢንዱስትሪ ኔትወርክ የሚሰጥባቸውን ኮርሶች ለይቶ መጠየቅ፣ የማታ ክፍል እንዳለም ማረጋገጥ ነው። የመጀመሪያውን ቴስተር ግን ትምህርቱ እስኪጀመር ሳይጠብቁ መግዛት ይቻላል።